ራስ ክምር የትኛው ነው?

(በሥነ ሕይወት መምህራንና በተፈጥሮ ክበባት አስተባባሪዎች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ከጥቂት የቃላት እርማት በቀር እንደተነገረው የተጻፈ)

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ መምህራን፣ ከየትምህርት ቤቱ የመጣችሁ ልጆቼ ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ! በዚህ ብርድ ማለዳ እስከ እንጦጦ ሥር ድረስ በመምጣታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ለንግግሬ የተሰጠኝ ጊዜ አጭር ስለሆነ፣ ከዚያም በኋላ ወደ ውጭ ወጥተን የምናየው ስላለ፣ ቀጥታ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ።

ይህን በእጄ የያዝኩትን ቅርንጫፍ ከአጥሩ ሥር የቆረጥኩት ዛሬ ጠዋት ነው። ከአጠገባችሁ ያለ ሰው ይበልጥ እንዲያየው ከፍ አድርጌ ልያዘው። እንደምታዩት ረጅም አገዳ ነው፤ በአገዳው ላይ እየተራራቁ የተሰኩ ክብ ክብ ኳሶች አሉ፤ ከኳሶቹም ዙሪያ ብርቱካንማ አበቦች ወጥተዋል። ስሙን የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ። ከኋላ «ራስ ክምር» የሚል ሰማሁ። ከግራ በኩል «የፈረስ ዘንግ» ተባለ። ከመስኮቱ ዘንድ የተቀመጡት እመቤት ግን ራሳቸውን እየነቀነቁ ነው። ምን አሉ? «የእኛ አገር ራስ ክምር ይህ አይደለም፤ የእኛው አበባው ነጭ ነው፤ ከማሳ የሚታረም ነው።» እግዜር ይስጥልኝ! ንግግሬን እርስዎ ጀመሩልኝ።

ሦስቱም መልሶች ትክክል ናቸው። ችግሩም እሱ ነው። ይህ ተክል ሁለት ስም አለው፤ ከሁለቱ ስሞቹ አንዱን ደግሞ ከሌላ ተክል ጋር ይጋራል። እንግዲህ አንድ ተማሪያችሁ «ራስ ክምር አገኘሁ» ብሎ ማስታወሻው ላይ ቢጽፍ የቱን እንዳገኘ በምን እናውቃለን? ዛሬ የምነግራችሁ ይህንኑ ነው፤ ስሙን ወደ ጎን ትተን፣ ተክሉ ራሱ ማን እንደሆነ በዓይንና በእጅ እንዴት እንደምንለይ። ሁለቱም ራስ ክምሮች የናና ወገን ናቸው፤ በሳይንሱ አጠራር ላሚያሴ ከሚባለው ሰፊ ቤተሰብ ይመደባሉ። ይህ ቤተሰብ በዓለም ላይ ከ7000 የማያንሱ ዝርያዎች አሉት። ከጓዳችሁም አይጠፋም፤ በሶብላው፣ ጦስኙ፣ ዳማከሴው፣ የጠላ ጋን የሚታጠንበት ጥንጁት ሁሉም የዚሁ ወገን ናቸው። የወላይታ ድንችም እንዲሁ። አዎ፣ ድንች! ከመሬት በታች ያለውን ክፍሉን እንበላለን፤ አበባውን ያየ ሰው ግን የማን ዘመድ እንደሆነ ወዲያው ያውቃል።

ወደ ነጥቦቼ ከመግባቴ በፊት አንድ ያፈርኩበትን ታሪክ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም የምለው ሁሉ የተማርኩት ከዚያ ዕፍረት ነው።

መምህርነት በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ለተማሪዎቼ አንድ ሕግ አስተማርኳቸው። ሕጉም «ግንዱ ባለ አራት ጎን ከሆነ፣ ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ከበቀሉ፣ ሲታሹም የሚሸቱ ከሆነ ተክሉ የናና ወገን ነው» የሚል ነበር። ሕጉን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ ከሥሩ አስምሬ፣ ሦስት ጊዜ አስደግሜያቸዋለሁ። በማግሥቱ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ፣ ብዙ የማይናገር አንድ ልጅ ለጋ ቅርንጫፍ ይዞልኝ መጣ። ግንዱን ዳሰስኩት፤ አራት ጎን አለው። ቅጠሎቹን አየሁ፤ ጥንድ ጥንድ ናቸው። አሸሁት፤ ሽታው ክፍሉን ሞላው። ደረቴን ነፍቼ «በጣም ጥሩ! ይህ የናና ወገን ነው» አልኩ። ልጁም አንገቱን ደፍቶ «ጋሼ፣ ይህ እኮ ባሕር ዛፍ ነው፤ ከተቆረጠው ጉቶ ላይ ያቆጠቆጠ ነው» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ልጁ አልዋሸም። ነጭ ባሕር ዛፍ ሲያረጅ ቅጠሉ እንደ ማጭድ ረዝሞና ተለዋውጦ ይበቅላል፤ ለጋ ሳለ ግን ፍጹም ሌላ ተክል ይመስላል። ግንዱ ባለ አራት ጎን ነው፤ ቅጠሎቹ አንገት ሳይኖራቸው ጥንድ ጥንድ ሆነው ግንዱን ያቅፋሉ፤ ሰም የተቀባ የሚመስል አመድማ ሰማያዊ ቀለም አላቸው፤ ሽታውንም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሦስቱን ምልክቶቼን አንድ በአንድ አሟልቶ ነበር! በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የገባ ዛፍ፣ ከናና ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ዛፍ፣ መምህሩን ከነሕጉ አዋረደው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስቱን ምልክቶች አልጣልኳቸውም፤ ነገር ግን ማስረጃ ብዬ አልጠራቸውም። ጥርጣሬን ብቻ የሚፈጥሩ ምልክቶች ናቸው እላለሁ። ፍርዱ የሚሰጠው አበባው ውስጥ ነው።

አንደኛው ነጥቤ ስለ ግንዱ ነው። ዓይናችሁን ጨፍኑና አገዳውን በአውራ ጣታችሁና በሌባ ጣታችሁ መካከል አንከባሉት። ክብ አገዳ ያለ ችግር ይዞራል፤ ይህኛው ግን ይንገጫገጫል፤ በእያንዳንዱ ዙር አራት ጊዜ ጠርዝ ይቆረቁራችኋል። በአራቱ ማዕዘኖች ላይ ለጋውን ግንድ የሚደግፉ ግድግዳቸው የወፈረ ሕዋሳት ይሰበሰባሉ፤ ጠርዙ የሚጠነክረውም ስለዚህ ነው። ታዲያ ከላይ፣ ከለጋው በኩል ነው መዳሰስ ያለባችሁ። ራስ ክምር ከታች እያረጀና እንጨት እየሆነ ሲሄድ ጠርዙ ይደበዝዛል፤ ከሥሩ ብቻ ዳስሳችሁ «ክብ ነው» ብላችሁ እንዳትጥሉት።

አራት ጎን ያለው ሁሉ ደግሞ የናና ወገን እንዳይመስላችሁ። የወፍ ቆሎ ባለ አራት ጎን ነው፤ አጡችም ባለ አራት ጎን ነው፤ ሁለቱም ሌላ ቤተሰብ ናቸው። የወፍ ቆሎ ጠርዙ ላይ እሾህ ስላለበት ጣታችሁ ራሱ ይነግራችኋል። ለመዳሰስ የሚቸኩል እጅ ሳማም ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ራስ ክምር ሳያብብ ጥርሳሙ ቅጠሉ ከሩቅ ሲታይ ከሳማ ጋር ያሳስታል። ስለዚህ ልጆች፣ መጀመሪያ በዓይን፣ ቀጥሎ በጣት!

ስለ ቅጠሉ ብዙ አልቆይም። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይበቅላሉ፤ ከላዩ ያለው ጥንድ ደግሞ ከታቹ ካለው ጥንድ ጋር ተሻግሮ ይቆማል። አገዳውን እንዲህ ወደ ዓይናችሁ አዙራችሁ ከጫፉ ወደ ታች ብትመለከቱ መስቀል ይታያችኋል፤ አንዱ ጥንድ በሌላው ላይ ጥላ እንዳይጥል የተደረደረ መስቀል። የራስ ክምር ቅጠል ዳሩ ጥርሳም ነው፤ ሲዳስሱት ለስላሳ ጠጉር ይሰማል።

ሦስተኛው ነጥቤ ሽታ ነው፤ እዚህ ላይ አብዛኞቻችን እንሳሳታለን። ሰው «የናና ወገን» ሲባል ወዲያው ቅጠል አሽቶ ወደ አፍንጫው ይወስዳል። ይህን ራስ ክምር አሽታችሁ ብታሸቱት እንደ በሶብላ ደስ የሚል መዓዛ ጠብቃችሁ ከሆነ ታዝናላችሁ፤ ሻካራ የሣር ሽታ ነው ያለው፤ ለወጥም ለሻይም አይሆንም። እንግዲህ «አይሸትም፤ ስለዚህ ናና አይደለም» ልንል ነው? በሌላ በኩል ደግሞ ኮሰረትን ተመልከቱ። ለቅቤ ማንጠሪያ የምንጠቀምበት ኮሰረት ይሸታል፤ እንዲያውም ከብዙዎቹ የናና ወገኖች የበለጠ ይሸታል፤ ቅጠሉም ጥንድ ነው። የኮሰረት ወገን ግን የወፍ ቆሎና የአጡች ቤተሰብ ነው። ጤና አዳምም ይሸታል፤ እሱማ ከናና ወገን ጋር በቅጠል አሰዳደሩም አይገናኝም።

ሽታን ግን በጥንቃቄ ከያዛችሁት አንድ ጥቅም አለው። የናና ወገኖች ዘይታቸውን የሚያስቀምጡት በቅጠሉ ገጽ ላይ ባሉ ጥቃቅን ዕጢዎችና ጠጉሮች ውስጥ ስለሆነ፣ ጦስኝን ሳትጨምቁት በእጃችሁ ዳበስ ብታደርጉት ብቻ መዓዛው ይነሣል። ባሕር ዛፍ ግን ዘይቱን የሚያኖረው በቅጠሉ ሥጋ ውስጥ ነው፤ ቅጠሉን ወደ ፀሐይ አንሥታችሁ ብታዩት ብርሃን የሚያሳልፉ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ያን ጊዜ ይህን አውቄ ቢሆን ኖሮ ከዕፍረቱ በዳንኩ ነበር!

አሁን ወደ አበባው እንምጣ። እዚህ ጥቂት እንድቆይ ፍቀዱልኝ፤ የዚህ ተክል ማንነት ያለው እዚህ ነውና።

መጀመሪያ አበቦቹ አገዳው ላይ እንዴት እንደተቀመጡ ልብ በሉ። ከእያንዳንዱ የቅጠል ጥንድ ብብት ብዙ አበቦች ተጨናንቀው ይወጡና አገዳውን ዙሪያውን ይከብቡታል፤ አገዳው በኳሱ መሐል ለመሐል አልፎ ወደ ላይ ይቀጥላል፤ ጥቂት ከፍ ብሎም ሌላ ኳስ ይሠራል። ራስ በራስ ላይ ተከመረ ማለት ነው። የስሙ ትርጉም ይህ ይመስለኛል፤ ያወጣው ሰውም ተክሉን በደንብ ያየ ሰው ነው። ኳሶቹ እኩል አይደርሱም። የታችኛው ኳስ ደርቆ ዘር በያዘበት ጊዜ የላይኛው ገና ያብባል፤ ስለዚህ ከአንድ አገዳ ላይ እንቡጡንም፣ አበባውንም፣ ፍሬውንም በአንድ ጊዜ ታገኛላችሁ። ለመምህር ከዚህ የተሻለ ተክል ከየት ይመጣል?

አሁን አንዲት አበባ ከኳሱ ላይ በቀስታ ሳቡ። በእጃችሁ የቀረው ብርቱካንማ ቱቦ ነው፤ በኳሱ ላይ የቀረው ደግሞ ጫፉ እሾሃማ የሆነ አረንጓዴ ኩባያ ነው። ቱቦው ጫፉ ላይ በሁለት ከንፈር ይከፈላል። የላይኛው ከንፈር ረጅም ነው፤ እንደ ቆብ ወደ ፊት ያጎነብሳል፤ ውጭውንም ብርቱካንማ ጠጉር ሸፍኖታል። የታችኛው ከንፈር አጭር ነው፤ አበባው እንደፈካ ብዙም ሳይቆይ ይጠወልግና ይንጠለጠላል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «አበባው ታሟል» ይላል፤ አልታመመም፤ የዚህ ተክል ጠባይ ነው። በሌሎች የናና ወገኖች የታችኛው ከንፈር ሰፊ ሆኖ ንብ የምታርፍበት መድረክ ነው። ይህኛው መድረክ አያስፈልገውም፤ ምክንያቱም ዋናው እንግዳው ንብ አይደለችም።

ታዲያ እንግዳው ማን ነው? ረጅም ጠምዘዝ ያለ መንቆር ያላቸው፣ ላባቸው በፀሐይ የሚያብለጨልጭ እነዚያ ትንንሽ ወፎች ናቸው። ወፏ ጠንካራው አገዳ ላይ ትቆማለች፤ መንቆሯን ወደ ቱቦው ስትሰድ ከላይኛው ከንፈር ሥር የተሰለፉት አራት የወንዴ ዘንጎች ግንባሯን ይነካሉ፤ ብናኙን ግንባሯ ላይ ተቀብታ ወደሚቀጥለው ተክል ትሄዳለች። በልጅነቴ እኔም የእሷ ተፎካካሪ ነበርኩ። ከብት ስንጠብቅ አበባውን ከሥሩ ነቅለን የቱቦውን ጫፍ እንመጥ ነበር፤ ከምላስ ጫፍ የማያልፍ ጠብታ ነው፤ ግን ይጣፍጣል። አንድ ቀን ሙሉ ቁጥቋጦ ጨርሰን ስንሄድ፣ አንዲት ወፍ ከአበባ ወደ አበባ እየተዘዋወረች ባዶ ቱቦ ስትፈትሽ አያቴ አዩና «ምሳዋን በላችሁባት» አሉን። ያኔ ሳቅን። ዛሬ ተማሪዎች ይዤ ስወጣ ከአንድ ኳስ ከአንዲት አበባ በላይ አላስነቅልም።

አበባው ውስጥ ያሉትን የወንዴ ዘንጎች መቁጠርን አትርሱ። ራስ ክምር አራት አለው፤ ሁለቱ ረዘም፣ ሁለቱ አጠር ያሉ ናቸው። በዚሁ ቤተሰብ ውስጥ ሳልቪያ የሚባሉት ዕፅዋት ያሏቸው ሁለት ብቻ ነው። እንግዲህ ሁለት ከንፈር ያለው አበባ አግኝታችሁ ሁለት ዘንግ ብቻ ከቆጠራችሁ በናና ወገን ውስጥ ሆናችሁ ሌላ ደጃፍ ላይ ናችሁ ማለት ነው።

አሁን ዋናው ነጥብ ላይ ደርሰናል። ግንዱ ሊያታልል ይችላል፤ ቅጠሉ ሊያታልል ይችላል፤ ሽታው ሊያታልል ይችላል፤ ባለ ሁለት ከንፈር አበባም ቢሆን በሌሎች ቤተሰቦች አለ። ከእነዚህ ሁሉ ጋር ተደምሮ የማያታልለው ምንድን ነው? ኩባያው ሥር ያለው ነገር ነው! ቱቦውን ሳባችሁ ያወጣችሁለትን ኩባያ በምላጭ ከላይ ወደ ታች ሰንጥቁና በእጅ ማጉያ መነጽር ተመልከቱ። ከሥሩ አራት ትንንሽ ጉብታዎች ተጠጋግተው ታያላችሁ፤ እንደ አራት የጤፍ ቅንጣት። ከአራቱ መካከል፣ ከመሐል ከሥራቸው፣ አንድ ቀጭን ክር ይወጣል፤ ይህ የሴቴ ዘንግ ነው። ከአራቱ አናት ላይ አይወጣም፤ ከመካከላቸው፣ ከወለሉ ነው የሚነሣው። እደግመዋለሁ፤ ከመካከላቸው፣ ከወለሉ! አራቱ ጉብታዎች ሲደርሱ አራት ደረቅ ፍሬዎች ይሆናሉ። የደረቀውን ኳስ ነጭ ወረቀት ላይ ገልብጣችሁ ብታራግፉት ማዕዘን ያላቸው ጠቆር ያሉ ፍሬዎች ይረግፋሉ፤ ከአንድ ኩባያ እስከ አራት፤ አንዳንዶቹ ሳይሞሉ ስለሚቀሩ ሦስት ወይም ሁለት ብታገኙ አትደንግጡ።

ለምን ክሩን ደጋግሜ አነሣሁት? አጡች ስላለ ነው። የአጡች ፍሬም ሲደርቅ አራት ላይ ይከፈላል! ፍሬ ብቻ የቆጠረ ሰው አጡችን የናና ወገን ያደርገዋል። አበባው ትኩስ ሳለ ግን የአጡች የዘር ቋት ያልተከፋፈለ አንድ ነገር ነው፤ ክሩም ከአናቱ ላይ ነው የሚቆመው። የኮሰረት ፍሬ ደግሞ የሚከፈለው ሁለት ላይ ነው። ስለዚህ በትኩስ አበባ ክሩን፣ በደረቀ ኩባያ ፍሬውን እንመልከት፤ ሁለቱ ሲስማሙ እርግጠኛ እንሆናለን።

ከመምህራኑ መካከል «ምስርችስ?» የሚለኝ አይጠፋም፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ምስርች ቀድሞ ከእነ አጡች ጋር ይመደብ ነበር፤ በኋላ ግን ዝምድናቸው በጥልቀት ሲጠና ወደ ናና ቤተሰብ ተዛውሯል፤ የእሱ ክር ግን እንደ ራስ ክምሩ ከወለሉ አይነሣም። ስለዚህ ግንዱ ባለ አራት ጎን፣ ቅጠሉ ጥንድ፣ አበባው ባለ ሁለት ከንፈር ሆኖ የአራቱ ጉብታዎች ምልክትም ካለው የናና ወገን ነው ማለት እንችላለን፤ የናና ወገን ሁሉ ግን ይህ ምልክት አለው ማለት አንችልም። ይህን ልዩነት ለተማሪ ማስረዳት ከባድ ነው፤ ቢሆንም እንደ እኔ የጥቁር ሰሌዳ ሕግ አድርጋችሁ እንዳታጠብቁት።

ወደ እመቤት ነጭ አበባ ልመለስ። እርስዎ ከማሳ የሚያርሙት ራስ ክምር በሳይንሳዊ ስሙ ሊዩካስ ማርቲኒሴንሲስ ይባላል። እሱም ግንዱ ባለ አራት ጎን ነው፤ ቅጠሉ ጥንድ ነው፤ አበቦቹም በክብ ኳስ ተከማችተው አገዳውን ይከብባሉ። ኳሱን ብቻ ያየ ሰው አንድ ስም ቢሰጣቸው አይፈረድበትም። የሚለዩት እንዲህ ነው። ነጩ በአንድ ወቅት በቅሎ፣ አብቦ፣ ዘርቶ የሚሞት ለስላሳ አረም ነው፤ ብርቱካንማው ግን ዓመት ከዓመት የሚቆይ፣ ሥሩ እንጨት የሚሆን፣ ከሰው ቁመት በላይ ሊሄድ የሚችል ቁጥቋጦ ነው። የነጩ አበባ በጣም ትንሽ ስለሆነ ከኩባያው እምብዛም አያልፍም፤ የብርቱካንማው ቱቦ ግን ከኩባያው ርቆ ይወጣል። አበባ የሌለበት ወቅት ከሆነስ? የደረቀውን አገዳ ለመስበር ሞክሩ። የነጩ ያለ ችግር ይሰበራል፤ ከብርቱካንማው ሥር ግን መጥረቢያ ሳትፈልጉ አትቀሩም።

ብርቱካንማው ሊዮኖቲስ ኦሲሚፎሊያ ይባላል። ሊዮኖቲስ በግሪክ «የአንበሳ ጆሮ» ማለት ነው፤ ያንን ጠጉራም የላይኛውን ከንፈር አይታችሁ ፍረዱ። ኦሲሚፎሊያ ደግሞ «ቅጠሉ የበሶብላ የሚመስል» ማለት ነው። ከእኛ አገር ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ በኩል እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ የሚበቅል አገር በቀል ነው፤ ከአፍሪካ ውጭ በአትክልት ቦታ ብታዩት ከእኛ አህጉር የሄደ ነው። በድሮ ጽሑፎች «ሊዮኖቲስ ቬሉቲና» የሚል ብታገኙ ሌላ ተክል መስሏችሁ እንዳትደናገሩ፤ ይኸው ነው። በቆላ ከሄዳችሁ ግን አንድ ተጨማሪ ዘመድ አለ፤ ሊዮኖቲስ ኔፔቲፎሊያ። አበባው ብርቱካንማ፣ ኳሱም ክብ ስለሆነ በጣም ያሳስታል፤ ይሁን እንጂ እሱ በአንድ ዓመት የሚያልቅ ተክል ነው፤ ቅጠሉም ረጅም አንገት ያለው ሰፊ ቅጠል ነው።

የላቲኑ ስም ከእኛው ይሻላል ብዬ ግን አልሰብክም። «ማርቲኒሴንሲስ» ማለት «የማርቲኒክ» ማለት ነው፤ ማርቲኒክ ደግሞ በካሪቢያን ባሕር ያለች ደሴት ናት። ከእርስዎ ማሳ ጋር ምን አገናኛት? የላቲኑ ስም ጥቅሙ አንድ ስም ለአንድ ተክል መሆኑ ብቻ ነው፤ ተክሉን መግለጽ ላይ «ራስ ክምር» የሚያክለው የለም። ስለዚህ ማስታወሻችሁ ላይ ሁለቱንም ጻፉ፤ የአካባቢውንም ስም ከነሰፈሩ ጻፉ።

ማስታወሻን ካነሣሁ ዘንድ ስለ አያያዙም ጥቂት ልበል። ለክበባችሁ አንድ ተክል ስትመዘግቡ የተገኘበትን ቦታ፣ ከፍታውን፣ ቀኑን፣ ተክሉ የቆመበትን ሁኔታ፣ ማለትም ጫካ ዳር ነው፣ መንገድ ዳር ነው፣ ማሳ ውስጥ ነው የሚለውን ጻፉ። የአበባውን ቀለም በዕለቱ ጻፉ፤ ምክንያቱም ተክሉ በጋዜጣ መካከል ተጭኖ ሲደርቅ ቀለሙ ይጠፋል፤ ባለ አራት ጎኑ ግንድም ተጨፍልቆ ጠፍጣፋ ይሆናል። ፎቶ የምታነሡ ከሆነ የኳሱ ውበት ብቻ አይበቃም፤ ግንዱን ከቅርብ፣ የቅጠሉን ጥንድ ከላይ፣ አበባውን ከጎን፣ የተሰነጠቀውን ኩባያ ከውስጥ አንሡ። ቀኑን ስትጽፉ ደግሞ እባካችሁ የዘመን አቆጣጠሩን ግለጹ! በአንድ ትምህርት ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ በጥሩ ሁኔታ የደረቀ የራስ ክምር ናሙና አግኝቼ ነበር፤ ዓመቱ ተጽፎበታል፤ በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጆቹ አልተገለጸም። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የሚያወዛግብ ናሙና ሆኖ ቀረ። የለፋበት ሰው ሦስት ፊደል ቢጨምር ኖሮ ድካሙ አይባክንም ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ብትጠራጠሩ ናሙናውን ይዛችሁ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ የዕፅዋት ናሙናዎች ወደሚቀመጡበት ቦታ ሂዱ፤ ከተቀመጡት ናሙናዎች ጋር ማስተያየት ይቻላል። በስምንት ቅጽ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ የዕፅዋት መዝገብም አለ፤ የናናን ወገን የምታገኙት እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው 5ኛው ቅጽ ውስጥ ነው። መለያ ሰንጠረዡ ስለ ኩባያውና ስለ ወንዴ ዘንጎቹ ይጠይቃችኋል፤ አበባ ሳትይዙ ከከፈታችሁት አንድ እርምጃ አያራምዳችሁም።

አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቄ ወደ ውጭ እንወጣለን። ዛሬ የተማራችሁት ተክልን መለየትን ነው እንጂ መድኃኒት መቀመምን አይደለም። «የናና ወገን ነው» ማለት «ይጠጣል» ማለት አይደለም። ራስ ክምር ለዚህ በሽታ ይሆናል፣ ለዚያ በሽታ ይሆናል የሚል ሰው ስታገኙ፣ መጀመሪያ «የትኛው ራስ ክምር?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ብዙ ጊዜ ወሬው እዚያ ላይ ይቆማል።

እንግዲህ አምስት አምስት ሆናችሁ ተከፋፈሉ። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ማጉያ መነጽር፣ አንድ ምላጭና አንድ ነጭ ወረቀት አለ፤ ምላጩን መምህራን ያዙት። ከአጥሩ ሥር ሦስት ቁጥቋጦዎች አሉ፤ ከበሩ ማዶ ደግሞ የታረሰ ማሳ አለ፤ ባለቤቱን አስፈቅደናል፤ የእመቤት ነጭ ራስ ክምር እዚያ ካለ ፈልጋችሁ አምጡልኝ። ከአንድ ኳስ አንዲት አበባ ብቻ ሳቡ፤ የቀረው የወፏ ምሳ ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እዚሁ እንገናኝና እያንዳንዱ ቡድን ስንት ጉብታ እንደቆጠረ፣ ክሩም ከየት ሲወጣ እንዳየ ይነግረናል።